የበሩ ደፍ፦ የመነኩሴው ዊልያም ሩብሩክ ጉዞ ወደ ሞንጎሎች ምድር (1253–1255)

በፌብሩዋሪ 1254 የክሬሞናው ባርቶሎሜዎስ የሚባል አንድ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ከሞንጎሎቹ ታላቅ ካን ከሞንግኬ ድንኳን ሲወጣ፣ ወደ ኋላው ዞሮ ለስንብት እጅ ከነሣ በኋላ ቀድመውት የወጡትን ለመድረስ ሲቸኩል እግሩ የበሩን ደፍ ነካ። በር ጠባቂዎቹ ወዲያው ያዙት። የአለቃን ደፍ መርገጥ በሞንጎሎቹ ዘንድ በሞት ሊያስቀጣ የሚችል ጥፋት ነበር። በማግሥቱ የካኑ ዋና ጸሐፊና ዳኛ ቡልጋይ ነገሩን ሊመረምር መጥቶ፣ ደፉን እንዳይነኩ ያስጠነቀቃቸው ሰው እንደ ነበረ ጠየቀ። የቡድኑ መሪ በዚያ ሰዓት አስተርጓሚ አብሯቸው እንዳልነበረና ያልተተረጎመላቸውን ሊያውቁ እንደማይችሉ መለሰ። መልሱ ተቀባይነት አገኘ፤ ባርቶሎሜዎስም ከቅጣቱ ዳነ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከካኑ መኖሪያዎች ወደ አንዱም እንዳይገባ ተከለከለ።

ያ መሪ ዊልያም ሩብሩክ ነው። የፍላንደርስ ተወላጅ፣ የቅዱስ ፍራንሲስን የድህነት ሥርዓት የሚከተል፣ ሰውነቱ ግዙፍ፣ አስተያየቱ ጥንቁቅ የሆነ መነኩሴ ነበር። ከጉዞው መልስ ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 9ኛ የጻፈው ረጅም ዘገባ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ስለ ሩቅ አገር ከተዉልን ምስክርነቶች ሁሉ ለእውነት የቀረበው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ጽሑፍ ዘገባውን እንደ አንድ ጉዳይ ወስዶ የሚመረምረው አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው፦ ወደማያውቀው አገር የገባ ሰው የመጀመሪያ አስተያየቱ የሚስተው የት ላይ ነው? ብዙ ጊዜ የሚታመነው እንግዳ ነገር እንደሚያሳስት ነው። የዊልያም ጉዳይ የሚያሳየው ግን በአመዛኙ ተቃራኒውን ይመስለኛል። ፈጽሞ አይቶት የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ቆሞ ይለካል፣ ይጠይቃል፣ ይቀምሳል፤ ቀድሞ የሚያውቀውን የመሰለ ነገር ሲገጥመው ግን ሳይጠይቅ ያልፋል። በር ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ጉዞው እንዴት ታሰበ

የሞንጎል ሠራዊት በ1241 ፖላንድንና ሃንጋሪን ካወደመ በኋላ በምዕራብ አውሮፓ ስለ ሞንጎሎቹ ሁለት ወሬዎች ጎን ለጎን ይናፈሱ ነበር፤ አንደኛው የሰው መልክ የያዙ አውሬዎች ናቸው የሚል፣ ሁለተኛው በመሳፍንቶቻቸው መካከል ክርስቲያኖች ስላሉ በሙስሊሞች ላይ አጋር ሊሆኑ ይችላሉ የሚል። ሉዊ 9ኛ ሁለተኛውን ወሬ በ1248 ቆጵሮስ ላይ ሳለ ከአንድ የሞንጎል የጦር አዛዥ መልእክተኞች ሰምቶ አመነ፤ የሎንዡሞው አንድሬ የተባለውን መነኩሴም በድንኳን መልክ የተሠራ ቤተ ጸሎት አስይዞ ላከ። በዚያ ወቅት ዙፋኑን በእንደራሴነት ትጠብቅ የነበረችው ኦጉል ጋይሚሽ ስጦታውን እንደ ግብር ቆጥራ፣ ንጉሡ ወርቅና ብር በየዓመቱ እንዲልክ የሚያዝዝ መልስ ሰደደች። ሉዊም በመላኩ ክፉኛ ተጸጸተ።

ስለዚህም የምዕራቡን የሞንጎል ግዛት ይገዛ የነበረው የባቱ ካን ልጅ ሳርታቅ ተጠምቋል የሚል አዲስ ወሬ ሲመጣ፣ ንጉሡ ዳግመኛ ለውርደት እንዳይጋለጥ ዊልያም የሄደው እንደ አምባሳደር ሳይሆን ወንጌል ለመስበክ እንደሚሻ ተራ መነኩሴ ነው፤ የያዘው አንድ የንጉሡን ደብዳቤ ብቻ ነበር። ይህን ልዩነት አጥብቆ ይዞት ስለ ነበር፣ በ1253 የሆሣዕና ዕለት በቁስጥንጥንያ ሐጊያ ሶፍያ ውስጥ የማንም ንጉሥ መልእክተኛ እንዳልሆነ በአደባባይ ሰበከ። ሜይ 7 ቀን ከቁስጥንጥንያ በባሕር ተነሥቶ ሜይ 21 ቀን በክራይሚያ ልሳነ ምድር ወዳለችው ሱዳቅ ሲደርስ ግን ነጋዴዎች ቀድመውት ደርሰው፣ የንጉሥ መልእክተኞች ወደ ሳርታቅ እየመጡ ነው ብለው አስወርተዋል። የከተማይቱም ሰዎች መልእክተኛ አይደለሁም ካለ ማለፊያ እንደማያገኝ መከሩት። እርሱም ነገሩን አድበስብሶ አለፈው። በእኔ አስተያየት የኋለኛው ችግር ግማሹ የተፀነሰው እዚያ ነው፤ የሞንጎሎቹን አገር ገና ሳያይ፣ ሞንጎሎቹ ስለ እርሱ የያዙት የተሳሳተ ግምት አስቀድሞ ደርሶ ይጠብቀው ነበርና።

አብረውት የነበሩት ባርቶሎሜዎስ፣ ጎሴ የተባለ ጸሐፊ፣ በቁስጥንጥንያ በገንዘብ የገዙት ኒኮላስ የሚባል ልጅ፣ እንዲሁም በላቲን «የእግዚአብሔር ሰው» ተብሎ የተመዘገበ አስተርጓሚ ናቸው። ነጋዴዎቹ በጭነት ፈረስ ፋንታ በበሬ የሚጎተቱ ጋሪዎች እንዲይዝ መከሩት፤ እርሱም ምክራቸውን ሰማ። በፈረስ ቢሆን አንድ ወር የሚወስደው መንገድ ሁለት ወር እንደ ፈጀበት ኋላ በቁጭት ጽፏል።

ሦስተኛው ቀን

ከሱዳቅ በተነሡ በሦስተኛው ቀን ከሞንጎሎቹ ጋር ተገናኙ። ዊልያም ስለዚያ ሰዓት ሲጽፍ ወደ ሌላ ዓለም የገባ እንደ መሰለው ይናገራል። ፈረሰኞቹ ከበቧቸውና በመጀመሪያ የጠየቁት ከዚህ በፊት ወደ አገራቸው መጥተው እንደ ሆነ ነበር፤ ቀጥሎ የሚበላ ጠየቁ። ብስኩትና አንድ ማሰሮ ወይን ቀረበላቸው። ወይኑን ጠጥተው ሲጨርሱ ሌላ እንዲጨመርላቸው አሉ፤ ምክንያታቸውም ሰው ወደ ቤት በአንድ እግሩ አይገባም የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ቢላውን፣ ጓንቱን፣ ቦርሳውን፣ ቀበቶውን እያዩ እያደነቁ ሁሉንም ለመኑ። ዊልያም ከእነርሱ ሲለይ ከአጋንንት እጅ ያመለጠ ያህል ተሰማው።

ይህ አስተያየት ከጽሑፉ ሁሉ ግልብ የሆነው ይመስለኛል። ለማኝነት ብሎ የቆጠረው ነገር በሞንጎሎቹ ሥርዓት ወደ አለቃ የሚሄድ መልእክተኛ በመንገዱ ላይ ላሉት ሁሉ የሚያቀርበው እጅ መንሻ ነበር፤ እርሱ ደግሞ መልእክተኛ ነው ተብሎ ተወርቶለታል። ሰዎቹ የሚጠብቁትን ጠየቁ። መነኩሴው ምንም ሀብት እንደሌለው ሲናገር የሰሙት መልእክተኛ ሆኖ ባዶ እጁን እንደ መጣ ሰው ነው። ሁለቱም ወገን ሌላውን የመዘነው በራሱ ሚዛን ነበር።

የማያውቀውን ሲያይ

ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች የተለዩ ናቸው። ሞንጎሎቹ የሚኖሩበትን ቤት ሲገልጽ፣ ዙሪያው ከተጠላለፈ እንጨት የተበጀ፣ ከላዩ እንደ ጭስ ማውጫ ያለ አንገት ያለው፣ ከተጠቀጠቀ የበግ ጠጉር በተሠራ ወፍራም ልባስ የተሸፈነ፣ ልባሱም እንዲነጣ ኖራ ወይም የአጥንት ዱቄት የተቀባ መሆኑን ይጽፋል። ቤቶቹ ሳይፈርሱ በጋሪ ላይ ተጭነው ይጓዛሉ። ዊልያም በዚህ ሲደነቅ ቆሞ አልቀረም፤ ለካው። በአንድ ጋሪ ግራና ቀኝ መንኰራኩሮች መካከል ያለው ስፋት 20 ጫማ ሆነ፤ ቤቱ በጋሪው ላይ ሲቀመጥ በሁለቱም ወገን ቢያንስ አምስት አምስት ጫማ ወደ ውጭ ይተርፋል። አንዱን ቤት የሚጎትቱትን በሬዎች ቆጠረ፤ በሁለት ረድፍ ዐሥራ አንድ ዐሥራ አንድ ሆነው 22 ነበሩ። የጋሪው ዘንግ የመርከብ ምሰሶ ያህል እንደ ሆነም አስፍሯል። ምድሩ ሜዳ በመሆኑ አንዲት ሴት እርስ በርስ የታሰሩ ሃያ ወይም ሠላሳ ጋሪዎችን ብቻዋን ትነዳ ነበር።

የቤቱን ውስጥ አቀማመጥም በዚያው ጥንቃቄ መዝግቦታል። በሩ ወደ ደቡብ ይከፈታል፤ የባለቤቱ አልጋ በሰሜን በኩል ይሆናል፤ የሴቶች ቦታ በምሥራቅ፣ የወንዶች በምዕራብ ነው፤ ወንድ እንግዳ የቀስቱን ሰገባ በሴቶቹ በኩል አይሰቅልም። ጠንካራው ምስክርነቱ ግን ምናልባት ስለ ኩሚስ የጻፈው ነው። ከባዝራ ወተት የሚዘጋጀው ይህ መጠጥ በትልቅ አቁማዳ ተደርጎ፣ ታችኛው ጫፉ የሰው ራስ በሚያህልና ውስጡ ባዶ በሆነ ዱላ እንደሚናጥ፣ እንደ አዲስ ወይን እንደሚፈላና እንደሚኮመጥጥ፣ ቅቤው እስኪወጣ ድረስ መናጡ እንደሚቀጥል፣ ሲጠጡት ምላስን እንደሚቆነጥጥ፣ ካለፈ በኋላ ግን የለውዝ ወተት ጣዕም እንደሚተው፣ ራሱ ደካማ የሆነን ሰው እንደሚያሰክርና ሽንት እንደሚያበዛ ይዘረዝራል። መጀመሪያ ሲቀምሰው ከድንጋጤና ከአዲስነቱ የተነሣ ሰውነቱን ላብ እንዳጠመቀው፣ ዳሩ ግን መልካም መጠጥ ሆኖ እንዳገኘው ያክላል። በዚያው አካባቢ የነበሩት የሩስ፣ የግሪክና የአላን ክርስቲያኖች ኩሚስ የጠጣ ሰው ከክርስትናው እንደ ወጣ ይቆጥሩ ነበር። ከሩቅ የመጣው መነኩሴ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ነጻ ሆኖ መቅመሱ የሚገርም ነው፤ ስለ መጠጡ ቀድሞ የያዘው ሐሳብ አልነበረውምና።

ዓይኑ የሳተበት ቦታም አለ፤ ሁለቱን ልጥቀስ። ስካታይ የሚባለው የአካባቢ አለቃ ሰፈሩን ለቅቆ በጋሪዎቹ ሲመጣ ዊልያም ታላቅ ከተማ ወደ እርሱ የሚጓዝ መሰለው፤ የከብቱና የፈረሱ መንጋ ብዛትም አስደነገጠው። ነገር ግን ሰዎቹ ከመንጋው አንጻር ጥቂት መሆናቸውን ስላስተዋለ፣ ስካታይ ስንት ሰው እንደሚያዝዝ ጠየቀ። ከአምስት መቶ አይበልጡም ተባለ። አድናቆቱ በአንድ ጥያቄ ወደ ልኩ ተመለሰ። ሁለተኛው ለክርክሬ የማይመች ነው። የስካታይን ሚስት ባየ ጊዜ አፍንጫዋን ሆን ብላ ያስቆረጠች መስሎት በእርግጠኝነት አምኗል፤ የእስያን ሰዎች መልክ ያልለመደ ዓይን የፈጠረው ስሕተት ነው፤ እንግዳ ነገርም እንደሚያሳስት ይመሰክራል። ልዩነቱ እንዲህ ያለው ስሕተት ያልቆየ መሆኑ ነው፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር መልኩ እየተለመደ ሄደ። የሚከተሉት ስሕተቶች ግን በቀላሉ የሚታረሙ አልነበሩም።

የሚያውቀውን የመሰለው

ጁላይ 31 ቀን 1253 ከቮልጋ ወንዝ የሦስት ቀን መንገድ ላይ ወደ ነበረው የሳርታቅ ሰፈር ደረሰ። ይህን ሁሉ መንገድ የተጓዘው ሳርታቅ ክርስቲያን ነው በሚል ነበር። በሰፈሩ ንስጥሮሳውያን የሚባሉ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ከሹማምንቱ አንዱ ኮያክ ራሱ ንስጥሮሳዊ ነው። ዊልያም ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ፣ መስቀልና መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ፣ እየዘመረ ወደ ሳርታቅ ፊት ቀረበ። ሲወጡ ግን ጌታቸውን ክርስቲያን ነው እንዳይሉ፣ እርሱ ሞንጎል እንጂ ክርስቲያን እንዳልሆነ ተነገራቸው። ዊልያም ነገሩን አውጥቶ አውርዶ የደረሰበት ማብራሪያ በጽሑፉ ካሉት ድንቅ ማስተዋሎች አንዱ ነው፦ ሰዎቹ «ክርስቲያን» የሚለውን ቃል የሃይማኖት ሳይሆን የአንድ ሕዝብ ስም አድርገው ያዩት ነበር፤ የራሳቸውን ስም ደግሞ ከስሞች ሁሉ በላይ ከፍ ማድረግ ይሹ ነበር። ቃሉ በሁለቱም ወገን አለ፤ የሚያመለክተው ግን አንድ አይደለም። ሦስት ወር የፈጀ መንገድ በዚህ አንድ ቃል ላይ ተመሥርቶ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ሙሉ መልኩ የሚታየው ግን በኖቬምበር ቀያሊቅ በተባለች የንግድ ከተማ ነው። ዊልያም በዚያ የጣዖት ቤት ብሎ ወደ ጠራው፣ ዛሬ የቡድሃ ቤተ መቅደስ እንደ ነበረ ወደምንረዳው ቤት ገባ። በውስጡ በእጁ ላይ በቀለም የተሣለ ትንሽ መስቀል ያለው ሰው አገኘ፤ ክርስቲያን መሰለው። የጠየቀውን ሁሉ ሰውየው እንደ ክርስቲያን መለሰለት። ዙሪያውን ሲመለከት መሠዊያ የመሰለ ሣጥን፣ በላዩ መብራትና መባ፣ ከኋላው ቅዱስ ሚካኤልን የሚመስል ባለ ክንፍ ምስል፣ እንደሚባርክ ጳጳስ ጣታቸውን ያነሡ ሌሎች ምስሎች አየ። የመስቀልና የክርስቶስ ሥዕል ለምን እንደሌላቸው ሲጠይቅ ልማዳቸው እንዳልሆነ ተነገረው። እርሱም ክርስቲያኖች ሆነው የትምህርት ማነስ ያለባቸው ናቸው ብሎ ደመደመ። ኋላ ሌሎች መቅደሶችን ሲያይና ከካህናቱ ጋር ሲነጋገር ስሕተቱን ተረዳ።

እዚህ ላይ ዓይኑ አልሰነፈም፤ መስቀሉን፣ ክንፉን፣ ጣቱን ሁሉ አይቷል። የያንዳንዱን ትርጉም ግን ከአገሩ ይዞት መጥቶ ነበር። ኩሚስን ሲቀምስ ይህ ምንድር ነው ብሎ የጠየቀ ሰው፣ የተነሣ ጣት ሲያይ ምንድር ነው አላለም፤ በሚያውቀው ስም ጠራው እንጂ።

ስለ ሞንጎሎቹ ዋና ከተማ ስለ ካራኮረም የሰጠው ግምገማም ከዚሁ ወገን ነው። ኤፕሪል 5 ቀን 1254 በሆሣዕና ዕለት ወደዚያች ከተማ ሲገባ፣ የካኑ ቤተ መንግሥት ሳይቆጠር ከተማይቱ በፓሪስ አጠገብ ያለችውን የሳን ደኒን መንደር እንኳ እንደማታክል፣ የሳን ደኒ ገዳምም ቤተ መንግሥቱን ዐሥር እጥፍ እንደሚበልጥ ጻፈ። በዚያው ገጽ የዘረዘረው ግን ይህን ፍርድ የሚያስተባብል ይመስላል። ሙስሊሞች የሚገበያዩበት ሰፈር፣ የቻይና የእጅ ጥበብ ሰዎች ሰፈር፣ 12 የልዩ ልዩ ሕዝቦች ቤተ ጣዖት፣ ሁለት መስጊዶች፣ በከተማው ጫፍ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። የጭቃው ግንብ አራት በሮች ያሉት ሲሆን በምሥራቁ በር እህል፣ በምዕራቡ በግና ፍየል፣ በደቡቡ በሬና ጋሪ፣ በሰሜኑ ፈረስ ይሸጥ ነበር። በከተማይቱ ቢያንስ አንድ የፓሪስ አንጥረኛ፣ ጊዮም ቡሺዬ፣ ይኖር ነበር፤ ከአራት የአንበሳ አፎች ኩሚስ የሚፈስበትን፣ በጫፉ መለከት የያዘ መልአክ የቆመበትን የብር ዛፍ ለካኑ የሠራው እርሱ ነው። ከሎሬን አገር፣ ከሜስ ከተማ የመጣችና በሃንጋሪ የተማረከች ሴትም ከሩስ አናጢ ባሏ ጋር በዚያው አካባቢ ነበረች። ይህን ያህል ሕዝብና እምነት በአንድ ግንብ ውስጥ በዚያ ዘመን ሳን ደኒ ውስጥ አይገኝም ነበር። ዊልያም የቆጠረው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ሲያወዳድር ነው፤ የከተማን ክብር የሚለካው በድንጋይ ሕንጻ ብቻ ነበርና።

አስተርጓሚው

ዊልያም ከሰው አፍ የሰማውን ሁሉ ከዓይኑ ምስክርነት ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ በመካከል አስተርጓሚ ነበርና። ዊልያም «የእግዚአብሔር ሰው» የተባለውን አስተርጓሚ በስብከቱ እንዲያግዘው በጠየቀው ጊዜ፣ ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር መናገር ስለማያውቅ ስብከት እንዳያስተረጉመው ለመነ። ኋላ ዊልያም ቋንቋውን ጥቂት ጥቂት መስማት ሲጀምር፣ እርሱ አንድ ነገር ሲናገር አስተርጓሚው ፈጽሞ ሌላ እንደሚል ተረዳ። ከዚያ በኋላ በእርሱ አፍ ከመናገር ዝም ማለትን መረጠ። በካኑ ፊት የቀረበበት ቀን የባሰ ነበር። በጃንዋሪ 1254 መጀመሪያ ሞንግኬ ካን በአልጋ ላይ ተቀምጦ፣ የሚያብረቀርቅ ባለ ጠጉር ቆዳ ለብሶ ተቀበላቸው፤ ቁመቱ መካከለኛ፣ ዕድሜው 45 ያህል ሆኖ ታየው። የሩዝ ወይን፣ ጥቁር ኩሚስና ከማር የተጠመቀ መጠጥ ቀርቦ ምርጫ ተሰጣቸው። አስተርጓሚው ከጠጅ አሳላፊዎቹ ጎን ቆሞ ስለ ነበር ብዙ ሰጡት፤ ሰከረም። ዊልያም ከዚያ በኋላ ከአስተርጓሚው አፍ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አልያዘም፤ ካኑ ራሱም የሰከረ መሰለው። ለስምንት ወር የተጓዘበት ንግግር እንዲህ አለፈ።

የጽሑፉ ትርጉምም ከቃሉ አልተሻለም። ዊልያም በሞንጎሎቹ አገር ተቀምጦ ለመስበክ ፈቃድ ከመጠየቅ በቀር በንጉሡ ደብዳቤ ውስጥ ሌላ ነገር እንደሌለ ያውቅ ነበር። በካኑ ሰፈር ግን ከሳርታቅ ዘንድ በሙስሊሞች ላይ የጦር እርዳታ ሊጠይቅ መጣ ተብሎ ተጽፎ እንደ ነበር ሰማ። ደብዳቤውን የተረጎሙት አርመኖች ለሙስሊሞች ባላቸው ጥላቻ የተነሣ ቃሉን እንዳጠነከሩት ገመተ። ግምቱ ትክክል ከሆነ ከሳርታቅ ወደ ባቱ፣ ከባቱ ወደ ሞንግኬ የተላከበት ምክንያት ይገለጣል፤ የመነኩሴ ልመና በየሰፈሩ ሊያልቅ ይችላል፤ የጦር ስምምነትን ግን ሊመልስ የሚችለው ታላቁ ካን ብቻ ነው።

እነርሱ ያዩት

የመጀመሪያ አስተያየት አንድ ወገን ብቻ የለውም። ባቱ ወደ ሞንግኬ ሲልካቸው መንገዱ አራት ወር እንደሆነና ከብርዱ የተነሣ ድንጋይና ዛፍ እንደሚሰነጠቅ ተነግሯቸው፣ የበግ ቆዳ ካፖርትና ሱሪ፣ ጠጉር የለበሰ ጫማና የራስ መሸፈኛ ተሰጣቸው። ዲሴምበር 27 ቀን 1253 ወደ ካኑ ሰፈር ከደረሱ በኋላ ግን ዊልያም እንደ ሥርዓቱ በባዶ እግሩ ወደ ሰፈሩ ሲሄድ ሰዉ ከቦ አፈጠጠበት፤ በቅርቡ እንደሚያጣቸው ስለ ታያቸው እግሩን አያስፈልገውም ወይ ብለው ጠየቁ። በቦታው የነበረ አንድ ሃንጋሪያዊ አውቋቸው ሥርዓተ ምንኩስናቸውን ለሰዎቹ አስረዳላቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ የእግሩ ጣቶች ስለ በረዱ በባዶ እግሩ መሄድ አቆመ። በመንገድም ሲሄዱ የሮሙ ጳጳስ እውነት 500 ዓመት ሆኖታል ወይ ተብለው ተጠይቀዋል። በፈረንሳይ ስንት በግ፣ ስንት በሬ፣ ስንት ፈረስ እንዳለም ይጠይቋቸው ነበር፤ ዊልያም ወዲያው ሄደው ሊዘርፉት ያሰቡ ያህል ነበር ብሎ በምሬት ያስታውሳል። እኔ ግን ይህን ጥያቄ ሳነብ እርሱ ስለ ስካታይ የጠየቀው ይታወሰኛል። ሰው በማያውቀው አገር መጀመሪያ የሚቆጥረው በራሱ አገር ሀብት የሚባለውን ነው።

የገመዱ ማስጠንቀቂያ

አሁን ወደ ደፉ እንመለስ። ዊልያም ለቡልጋይ የሰጠው መልስ ባርቶሎሜዎስን አድኖታል፤ ጽሑፉን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ግን አንድ ነገር ይከነክነዋል። ከዚያ ከወራት በፊት ወደ ባቱ ድንኳን ሲገቡ መሪያቸው የድንኳኑን ገመድ እንዳይነኩ አስጠንቅቋቸው ነበር፤ የሰጣቸውም ምክንያት ገመዱ እንደ በሩ ደፍ ይቆጠራል የሚል ነው። እንግዲህ ስለ ደፉ አስቀድመው ሰምተዋል ማለት ነው። ከዚያም በላይ ከእነርሱ በፊት በ1247 ከሞንጎሎቹ አገር የተመለሰው ጆቫኒ ዳ ፒያን ዴል ካርፒኔ፣ የአለቃን ደፍ የረገጠ እንደሚገደል ጽፎ ነበር።

ዊልያም ዋሸ ለማለት አልደፍርም፤ የተጠየቀው ስለዚያ ቀን ነበርና፣ ስለዚያ ቀን የመለሰው ልክ ነው። የበለጠ የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። በባቱ ድንኳን የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ሁለት ነገር ይዞ ነበር፤ አዲሱንና እንግዳውን ገመድ፣ አሮጌውንና የታወቀውን ደፍ። የገመዱ ነገር እንደ ሥርዓት በጽሑፉ ተመዘገበ፤ ደፉ ደግሞ ገመዱን ለማስረዳት የመጣ ምሳሌ ሆኖ አለፈ። ቤቱን ከጭስ ማውጫው እስከ ቀስት መስቀያው የመዘገበ ሰው፣ ሲወጣና ሲገባ በየቀኑ የሚሻገረውን ነገር ሳይጠይቅ ቀረ።

ይዞት የተመለሰው

ዊልያም በጁላይ 1254 ከካራኮረም ሲነሣ፣ ሲመጣ የነበረው ሰው አልነበረም። በሜይ መጨረሻ በካኑ ትእዛዝ ንስጥሮሳውያን፣ ሙስሊሞችና ቡድሃውያን በተገኙበት በተካሄደው የሃይማኖት ክርክር የተናገረው በአንጥረኛው በቡሺዬ የማደጎ ልጅ አስተርጓሚነት ነው፤ ቃሉ የተሰማውም ያኔ ነው። ሞንግኬ በመጨረሻው ግንኙነታቸው እግዚአብሔር ለእጅ ልዩ ልዩ ጣቶች እንደ ሰጠ ለሰዎችም ልዩ ልዩ መንገድ ሰጥቷል ሲለው፣ ባይስማማም ንግግሩን በትክክል መዝግቦ አቅርቦታል። ቻይናውያን እንደ ሠዓሊ በብሩሽ እንደሚጽፉና አንዱ ምልክት ሙሉ ቃል እንደሚይዝ፣ የወረቀት ገንዘብ እንደሚጠቀሙ ጽፏል። የጥንት መጻሕፍት በምሥራቅ አሉ ስለሚሏቸው ተፈጥሯቸው እንግዳ የሆነ ሰዎች ጠይቆ፣ ማንም አይቷቸው እንደማያውቅ በተነገረው ጊዜ እውነት መሆናቸውን እንደሚጠራጠር አልደበቀም። ካስፒያን ባሕር ከውቅያኖስ የሚገባ ሰላጤ ነው የሚለውን የጥንቱን ሊቅ የኢሲዶርን ትምህርትም ሻረ፤ እርሱ ሰሜንና ምዕራቡን፣ ቀድሞት የሄደው አንድሬ ደግሞ ደቡብና ምሥራቁን ስለ ዞሩት፣ ባሕሩ በዙሪያው የተዘጋ መሆኑን አረጋገጠ።

በኦገስት 1255 በሊባኖስ ጠረፍ ወዳለችው ትሪፖሊ ሲደርስ ሉዊ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ነበር። የማኅበሩ አለቃ በአክር ከተማ ሆኖ እንዲያስተምር ስላዘዘው ወደ ንጉሡ ሊሄድ አልቻለም፤ በቃል ሊናገር ያሰበውን ሁሉ የጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻም እንደ እርሱ ያለ መነኩሴ ወደ ሞንጎሎቹ ዳግመኛ መሄድ እንደሌለበት፣ የሮሙ ጳጳስ የሚልከው ሰው ካለ ግን ጳጳስ ቢሆን፣ ብዙ ስንቅና ገንዘብ ቢይዝ፣ ከሁሉም በላይ ጥሩ አስተርጓሚ፣ እንዲያውም ከአንድ በላይ አስተርጓሚዎች ቢኖሩት እንደሚሻል መከረ። ዘገባውን ከዐሥር ዓመት ጥቂት በኋላ እንግሊዛዊው ሊቅ ሮጀር ቤከን አግኝቶ ስለ እስያ ለጻፈው ተጠቀመበት።

ባርቶሎሜዎስ አብሮት አልተመለሰም። ሰውነቱ ደክሞ ስለ ነበር ያን በረሓ ዳግመኛ ቢሻገር እንደሚሞት ፈራ፤ ካኑም በካራኮረም እንዲቆይ ፈቀደለት። ሁለቱ መነኮሳት ተላቅሰው ተለያዩ። ዊልያም አገሪቱን ጽፎ ወጣ፤ ደፉን የረገጠው ግን በዚያው ሊኖርባት ቀረ።